በጋሽ እንድሪስ ማሽላ ውስጥ የተገኘው ጥንብ አንሳ

በወንጭፍ ተመትታችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነስ የመታችሁ ማን ነበር? ልጅህን ስጠኝ ብላችሁ ሽማግሌ የላካችሁበት ሰውዬ ከሆነ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ የምንጫወተው ብዙ አለን። «እኛን ማንም መትቶን አያውቅም» የምትሉ ደግሞ ራቅ ብላችሁ አዳምጡ። መሳቅም ይፈቀዳል፤ ቆቦ ሙሉ ስቆ የጠገበውን እናንተ ብትስቁበት ምን ይጎድልብኛል?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ከቆቦ ወደ ዋጃ መውጫው ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘሐራ ደግሞ እዚያው አንደኛ ክፍልን ታስተምራለች። ዘሐራን ካየሁ ወዲህ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ተማሪዎቼ ስለ ዕፅዋት አመጋገብ ሲጠይቁኝ እንኳ መልሱ መሐል ስሟን እንዳልጨምር እየተጠነቀቅሁ ነው የምናገረው። እሷ እሺ ብላኛለች። እሺም እንቢም ያላሉት አባቷ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። መስከረም ላይ አጎቴን ጋሽ ሙሄን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ልኬ ነበር። ጋሽ እንድሪስ በወጉ ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ መረቋቸው፤ መጨረሻ ላይ «ማሽላው ይግባና እንነጋገራለን» ብለው ሸኟቸው።

የራያ ቆላ ሰው ያልሆነ ይህን መልስ እንደ እንቢታ ሊወስደው ይችላል። አይደለም። ማሽላ ማፍራት ከጀመረ እኛ አገር ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም፤ ከወፍ ጋር ነው የሚነጋገረው። ግሪሳ የሚባለው ጥቃቅን ወፍ ደመና ሆኖ ይመጣና ያርፋል፤ ሲነሳ ዛላው ባዶውን ቀርቷል። ስለዚህ ገበሬው ማሳው መሐል ረጅም የእንጨት ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፉንና የደረቀ የጭቃ ድብልብሉን ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ የወጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። ወፍ ያየ ሰው «ሃይ!» ብሎ ይጮሃል። የጎረቤቱ ማማ ምንም ባያይም «ሃይ!» ብሎ ይወነጭፋል። ከሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ጩኸቱ ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ ወደ ዋጃ ሲሄድ ሚኒባስ አይደርስበትም። ይቺን ልማድ ያዙልኝ፤ ኋላ ጀርባዬ ላይ ታርፋለች።

እንግዲህ በዚህ ወቅት፣ ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ተመርጦ በዚህ ወቅት፣ ትምህርት ቤታችን የወፍ በዓል ሊያከብር ተነሳ።

በኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ያልተገኘ መምህር ሥራ ይሰጠዋል። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ ግን እንደሱ የሚከበር ደንብ የለንም። ያን ዕለት ባጃጅ አጥቼ አርፍጄ ስገባ ርዕሰ መምህሩ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠኝ። ርዕሰ መምህራችን ተነስቶ ከጨበጠ ነገር አለ ማለት ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ! ጥንብ አንሳ ሆነሃል» አለኝ።

ለካ አንድ የአእዋፍ ባለሙያ ከሩቅ መጥቶ፣ ባሕር ተሻግረው በጋውን እኛ ዘንድ የሚያሳልፉትንና እየጠፉ ያሉትን ወፎች ለልጆች የሚያስተዋውቅ በዓል ይዘጋጅ ብሏል። መምህራኑ ወፍ ሆነው እንዲተውኑ ተወስኗል። ሽመላውን የስፖርት መምህሩ ወስዶታል፤ እግሩ ረጅም ነው። ጭልፊቱን የእንግሊዝኛ መምህሩ ወስዶታል፤ አፍንጫው ያግዘዋል። የተረፈው ነጩ ጥንብ አንሳ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔን ሲጠብቅ ቆየ።

«አንተ እኮ ዋናው ነህ!» አለኝ ባለሙያው፣ ፊቴን አይቶ። ቀጭን፣ ደግ፣ ስለ ወፍ ሲያወራ ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ነው። «ይህ ወፍ አገር አቋርጦ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ነው የሚመጣው። ለጅብ የተቀመጠ መርዝ ይገድለዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገድለዋል። ማንም አያዝንለትም፤ ስሙን ሰምተው ይጠሉታል። ልጆቹ እንዲያዝኑለት አድርግልኝ።»

እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ለራሴ አዘንኩ። ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው በአደባባይ ጥንብ አንሳ መሆኑን ጋሽ እንድሪስ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ለልጃቸው ባል ሲፈልጉ ከወፍ ሁሉ ይህን የሚመርጡ አይመስለኝም።

«አብሽር» አለችኝ ዘሐራ። «አባባ ከማማው አይወርድም። ማሽላው እስኪገባ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይወርድም።»

ልጆቹን ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ክፍል ገብቼ «ወፍ የሚወድ እጁን ያውጣ» አልኩ። ጣሪያው ላይ ያለችው ድንቢጥ እንኳ አልተነቃነቀችም። አንዲት ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ ወፍ እራታችንን ትበላለች እንጅ ምኗ ይወደዳል?» አለች። ይህ ወፍ ማሽላ እንደማይበላ፣ የሞተ ከብት በልቶ አካባቢ እንደሚያጸዳ አስረዳሁ። «ታዲያ እኛ ከሱ ጋር ምን አጣላን?» አለች። «ምንም!» አልኳት። «እንግዲያውስ ይምጣ» ብላ ተቀመጠች። በዚህች መልስ ተደስቼ አደርኩ፤ የሚመጣው እኔ መሆኔን ረስቼ።

ልብሱን የሰፋችልኝ ዘሐራ ናት። ነጩን የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳ ላባ አስመሰለችው፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ፌስታል ሸነሸነችበት። ምንቃሩን ከቢጫ ጀሪካን ቆረጥነው፤ በላስቲክ ከጆሮዬ ጋር ታሰረና ከግንባሬ እስከ አገጬ ሸፈነኝ። የወፉ ፊት ቢጫ ስለሆነ ዘሐራ ፊቴን በዘይት በተለወሰ እርድ ቀባችኝ። «በጀሪካኑ ተሸፍኖ ምን ያደርጋል?» ብላት «በጎን በኩል ይታያል፤ ሥራ በግማሽ አይሠራም» አለች። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ትታለፋለች? ቅባቱ በምን እንደሚለቅ ግን ሁለታችንም አላሰብንበትም።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ ዳስ ተጣለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ሞንታርቦ ቆመ። የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አጎቴ ጋሽ ሙሄም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐላቸው ነበሩ። እቅዱ ቀላል ነው። ሜዳው አጠገብ ባለው ማሽላ ውስጥ እደበቃለሁ፤ ባለሙያው በማይክ «እነሆ እንግዳችን መጣ!» ሲል ክንፌን ዘርግቼ እወጣለሁ፤ ልጆቹ ይዘምሩልኛል።

ራያ ማሽላ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ግመል ይሰወርበታል። እኔ ደግሞ እንዳልታይ ብዬ ትንሽ ጠለቅ አልኩ። ከዚያም ትንሽ። ምንቃሩ ፊት ለፊት ስለሚጋርደኝ የማየው ግራና ቀኝ ብቻ ነው፤ ግራም ማሽላ ነው፣ ቀኝም ማሽላ ነው። ልመለስ ብዬ ዞርኩ። በዞርኩበት በኩል ሜዳው የለም።

«እነሆ እንግዳችን መጣ!» አለ ሞንታርቦው።

ክንፌን ዘርግቼ ሮጥኩ። አገዳው ግራ ቀኝ እየገረፈኝ ብዙ ሮጥኩ። ሜዳው ሊመጣ አልቻለም።

«እነሆ እንግዳችን... መጣ!» አለ እንደገና፤ ድምፁ አሁን ከኋላዬ ሆነ። ዞሬ ሮጥኩ። ልጆቹ ዝማሬውን ጀመሩ፤ «እንግዳ ወፍ ነይ ነይ፣ ጥላው ለምለም ነው እኛ ቀዬ ላይ» የምትል፣ ዘሐራ የገጠመቻት ናት። ጨርሰው እንደገና ጀመሩ።

«ክቡራን እንግዶች» አለ ሞንታርቦው፣ «ወፉ ከሩቅ ስለሚመጣ ትንሽ ይዘገያል።»

በመጨረሻ ብርሃን አየሁ። ማሽላው ገለጥ ያለ ቦታ ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ በሙሉ ኃይሌ ዘልዬ ወጣሁና፣ ክንፌን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የተለማመድኩትን ንግግር ጮክ ብዬ አሰማሁ።

«ከሩቅ አገር መጣሁ! ደክሞኛል! ተቀበሉኝ!»

ጭብጨባ የለም። ዓይኔን ገለጥኩ። በቀኜ በኩል የማማ ቋሚ እንጨቶች አሉ። ቀና አልኩ። ጋሽ እንድሪስ ከማማቸው ላይ ቁልቁል ያዩኛል።

«አዑዙ ቢላሂ!» አሉ። «ግሪሳው አልበቃ ብሎኝ አባቱ መጣብኝ!»

እኔ ነኝ ልል ነበር። ግን እኔ ማን ነኝ? ሽማግሌ የላክሁት፣ የተከበርኩት መምህር፣ በከረጢትና በጀሪካን ተጠቅልዬ ማሽላዎት ውስጥ ቆሜያለሁ ልበል? ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ዞሬ ለመሄድ አሰብኩ። ጀርባዬን መስጠቴ ስህተት ነበር። ጋሽ እንድሪስ በራያ ከታወቁ ወንጫፊዎች አንዱ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር፤ መስማትና መቀመጫ ላይ ማረጋገጥ ይለያያል።

«ወይ እማዬ!» ብዬ ፈረጠጥኩ።

«ሃይ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ሃይ!» አለ የጎረቤቱ ማማ። ጭቃ በጆሮዬ ስር አለፈ። «ሃይ!» አለ ሦስተኛው። ምንም ሳያዩ የሚወነጭፉት ሁሉ ወነጨፉ፤ ደግሞ ምንም ሳያዩ የሚወነጭፉት ናቸው የሚያገኙኝ። ያ ጠፍቶኝ የነበረው ሜዳ አሁን እንዴት ቶሎ እንደተገኘልኝ ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ ከኋላዬ የጋሽ እንድሪስን ማሽላ እየሰበርኩ፣ ጎዳና የሚያህል መንገድ ከፍቼ፣ ዝማሬው መሐል ወደቅሁ።

«እነሆ!» አለ ባለሙያው በደስታ። «መጣ!»

ችግሩ ጩኸቱም አብሮኝ መጥቷል። እነዚህ ልጆች በዚህ ወቅት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያውቁት ሥራ አንድ ነው። ከማማዎቹ «ሃይ!» የሚለውን ሲሰሙ፣ ከማሽላ ውስጥ ክንፍ ያለው ነገር ሲወጣ ሲያዩ፣ አፋቸው «ነይ ነይ» እያለ እጃቸው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አነሳ። ያቺ «እንግዲያውስ ይምጣ» ያለችኝ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ነው የወረወረችው። ሽመላው የስፖርት መምህር በዚያ ረጅም እግሩ ከግቢው ቀድሞ ወጣ። ጭልፊቱ ጠረጴዛ ስር ገባ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ «ግሩም ትወና ነው!» እያለ ያጨበጭባል።

«ልጆች ተዉ!» ይላል ባለሙያው በማይክ፣ እንባው እየፈሰሰ። «እየጠፋ ያለ ወፍ ነው!»

እሱ እንኳ እውነቱን ነው፤ ልጠፋ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ተንከባልዬ የሽማግሌዎቹ ወንበር ስር ስገባ እንደገና «ወይ እማዬ!» አልኩ። ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብለው አዩኝ። ድምፄን ከሕፃንነቴ ያውቁታል።

«አንተ ነህንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ዝም ይበሉ አጎቴ። ጋሽ እንድሪስ እየመጡ ነው። ካወቁኝ አለቀልኝ።»

ቤታቸው ቢቃጠል ከማማ አይወርዱም የተባሉት ጋሽ እንድሪስ ወንጭፋቸውን ይዘው ከማሽላው ወጡ። ባነሩን አዩ፣ ሞንታርቦውን አዩ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አዩ። ወንጭፉን ቀስ ብለው ከጀርባቸው ደበቁ። ባለሙያው ሮጦ ሄዶ እጃቸውን ያዘና አስረዳቸው፤ ይህ የልጆች በዓል መሆኑን፣ ውስጡ ያለው ሰው መሆኑን፣ ወፉ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ መርዝና ሽቦ የሚገድለው እውነተኛ ወፍ መሆኑን።

«የመንግሥት ሰው ነው የመታሁት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ ደንግጠው።

«እሱን ይተዉት አባት። ወፉን ይቅርታ ቢጠይቁልን፣ ልጆቹ ከእርስዎ ይማሩ ነበር።»

ጋሽ እንድሪስ ልጆቹን አዩ፤ ልጆቹም ፕላስቲካቸውን ይዘው አዩዋቸው። ሰውዬው አፈሩ። ወሎ ውስጥ ያፈረ አዛውንት የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ከፍተው ይመርቁኝ ጀመር። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም ክንፌን ዘረጋሁ።

«አንተ እንግዳ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «ከባሕር ማዶ መጥተህ በኔ እጅ ተዋረድክ፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አላህ ክንፍህን አይስበረው!»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ።

«መርዝ አያግኝህ፣ ሽቦ አይያዝህ!»

«አሚን!»

«ማሽላዬ ጥላህ ይሁን! ቤቴ ቤትህ ይሁን! ከቀዬዬ ጎጆህን ቀልስ፣ ከልጄ ጋር ተዛመድ፣ ውለድ፣ ክበድ፣ ከዚህ አገር አትሰደድ!»

«አሚን!» ያለው የጋሽ ሙሄ ድምፅ ከሞንታርቦው በለጠ። ዘሐራ ዳሱ ጥግ ሆና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከምንቃሬ ጀርባ ማየት አልቻልኩም።

ጋሽ ሙሄ ተነሱ። «እንድሪስ፣ ቃልህን ሰማን» አሉና፣ ሳላስበው ምንቃሬን ነጥቀው አወለቁት። ላስቲኩ ጆሮዬን ገረፈኝ።

ጋሽ እንድሪስ ቀረብ ብለው ፊቴን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸ መምህሩ አይደለምንዴ?» አሉ። «ምነው ቢጫ ሆነ? የወፍ በሽታ ይዞት ነው ልጄን ሊያገባ የመጣው?»

እንዲህ ያለ ሳቅ ቆቦ ሰምታ አታውቅም። ጠረጴዛው ስር ያለው ጭልፊት ሳይቀር ሳቀ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

«የምን በሽታ ነው፣ እርድ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ በኔ ፈንታ። «ይልቅ ቤቴ ቤትህ ብለሃል። ከልጄ ጋር ተዛመድ ብለሃል። አገር አሚን ብሏል።»

«እሱማ ለወፉ ነው!»

«ወፉ ማን ነበር?»

ጋሽ እንድሪስ ዞር ብለው ከማሽላቸው ወደ ሜዳው የተከፈተውን መንገድ አዩ። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። ዘሐራ ነጠላዋን ከፊቷ አልገለጠችም።

«አሚን የተባለበትን አልመልስም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ያ አገዳ ሲሰባበር ያየሁት በዓይኔ ነው። ማሽላዬን ያልጠበቀ ልጄን ይጠብቃል ብዬ አላምንም። ከነገ ጀምሮ ከሥራ መልስ ማማው ላይ ይውጣ። ማሽላው እስኪገባ አየዋለሁ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እንግዲህ ወጣሁ። ፊቴ አሁንም ቢጫ ነው፤ በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ እርዱ ቤቱን ወዷል። ዘሐራ «እየለመድኩት ነው» ትላለች። ወንጭፉን ግን አልለመድኩትም። የመጀመሪያው ድብልብል ወደ ኋላ ሄዶ የጋሽ እንድሪስን የውሃ ቅል ሰበረ። ሁለተኛው የራሴን ማጅራት አገኘ። ጋሽ እንድሪስ ከታች ሆነው አገዳ እያቃኑ ያዩኛል፤ አንድም ቀን አያመሰግኑኝም፤ እኔም መልሳቸው ምን እንደሚሆን ሳስብ ግሪሳው ያልፈኛል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከማማው ስር ቆመው «ቲቸር፣ እንዳትመታት፣ እንግዳ ናት!» ይሉኛል። ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ የገባቸው እኔን ለማብሸቅ በሚመች መንገድ ነው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከወደ አፋር በኩል ከሩቅ ማማ «ሃይ!» ተባለ። ቀጥሎ ያለው «ሃይ!» አለ። ጩኸቱ ወደኛ እየቀረበ መጣ። ወንጭፌን አነሳሁ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከበላያችን አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ቀስ እያለ ይዞራል። የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። ዝቅ ሲል ፊቱን አየሁት፤ ቢጫ ነው። እሱም ያየኝ መሰለኝ። እጄ አየር ላይ ደረቀ። ከግራም ከቀኝም ሰዎች እየወነጨፉ ነው፤ ግን ምን ብዬ ልጩህ? ማሽላ ጥበቃ ላይ ወፍ ተው ብሎ የሚጮህ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሁን እንዲህ ብል ጋሽ እንድሪስ ጨርሰው ይተዉኛል።

ጋሽ እንድሪስ ከታች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወፉን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እንደገና ወፉን አዩት።

«አውርደው ወንጭፉን» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ማማ ዞሩና፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከልለው ጮኹ፤

«ኧረ ተዉት! እንዳትመቱት! የአማቼ ዘመድ ነው!»

«የእንድሪስ አማች ዘመድ ነው!» አለ የጎረቤቱ ማማ ለቀጣዩ።

«ተዉት! የእንድሪስ አማች ዘመድ ነው!» አለ ሦስተኛው። ነጩ ወፍ በማማዎቹ አናት ላይ ወደ ዋጃ ሲያልፍ አንድም ሰው አልወነጨፈበትም፤ ጩኸቱ ግን ከፊቱ ከፊቱ እየሄደ መንገዱን ከፈተለት። እኔ ማማው ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ለመልሱ የመጡት ማሽላው ከገባ በኋላ ነው፤ የዋጃ ሰው ግን ያን ዕለት ማታውኑ ያውቅ ነበር።